ብብት ውስጥ የሞቀ ሙጫ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ አንኮበር ላይ ተዳረች። ለምን አንኮበር? የሙሽራው አያት የዚያ አገር ሰው ናቸው ተብያለሁ። ዋናው ምክንያት ግን ፎቶ ነው። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከመክተማቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ከነበረው ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ላየ ሰው፣ መሬቱ ከእግሩ ሥር ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ነገሥታቱ ቦታውን ለምሽግ መረጡት፤ ልጆቻችን ለቬሎ።

እኔ የሰርጉ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ደብተሩ እስካሁን አለኝ። ድንኳኑ፣ ሥጋው፣ ጠጁ፣ ሦስቱ ኮስተሮች፣ ድሮን አስነሺው ሳይቀር የየራሳቸው ገጽ አላቸው። ከሁሉም መጨረሻ፣ "የውኃ ጀሪካን" ከሚለው በታች፣ በገዛ እጄ "ሜካፕ፦ ይታሰብበት" ብዬ ጽፌያለሁ። ሳይታሰብበት ጥር ደረሰ።

ጥር ደግሞ የታወቀ ነው። ከገና በፊት ጾም፣ ከጥምቀት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም፤ በመካከል ባሉት ጥቂት ሳምንታት አገሩ ሁሉ ተጋፍቶ ይድራል። አዲስ አበባ ውስጥ ስም ያላት ሜካፕ ሠሪ በጥር እሁድ ብዙ ሙሽራ ትሠራለች። እኛ የደወልንላት ልጅ መጀመሪያ ያነሳችው የዋጋ ነገር አልነበረም። "ፎቶው ስንት ሰዓት ነው? መብራት አለ? እኔስ የማድረው የት ነው?" አለች። አንዱንም አናውቅም ነበር። ከዚያ ዋጋዋን ስትነግረን እህቴ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

እኔም ተናድጄ ነበር። "ፊት ለመቀባት ይሄ ሁሉ!" ብያለሁ፤ አልዋሽም። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ አንኮበር ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቅዳሜ ሄዳ፣ እሁድ ሠርታ፣ ሰኞ ልትመለስ ነው። የሁለት ቀን ሙሽሮቿን ሁሉ ለሌላ ሰው ትታ ለእኛዋ ለአንዷ ትመጣለች። የምንከፍላት ለአንድ ፊት አልነበረም፣ ለቀሩባት ፊቶች ጭምር ነው። ቀብዱን በነጋታው አስገባን።

ትራያል የሚሉት ነገር አለ፤ ከሰርጉ በፊት አንድ ቀን ሙሽራዋን ሠርቶ ማየት። ቦሌ፣ መስታወቱ ዙሪያውን አምፖል የተደረደረበት ሳሎን ውስጥ ሆነ። ልጅቱ ሥዕል መሰለች፤ አጨበጨብን። የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። ፊቷን ሞከርን እንጂ አየሩን አልሞከርንም።

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚያ መተከሉ ያለ ነገር አይመስለኝም። ከእሷ አልፎ ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ደጋ ለደጋ ሄዶ ገደሉ አፍ ላይ ያወጣል። በበጋው ወራት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቆዳ እርጥበቱን ያጣና ላዩ ይነሣል። ያ ቦሌ ላይ ያጨበጨብንለት ፓውደር እንዲህ ባለ ቆዳ ላይ ሲያርፍ፣ ጭድ እንዳነሰው የጭቃ ምርጊት ይሰነጣጠቃል።

ይህን ከኛ መካከል አስቀድማ ያወቀችው እናቴ ብቻ ነበረች። ቅዳሜ ማታ፣ "ትንሽ ለጋ ቅቤ ፊቷን ተቀብታ ትደር" አለች። ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ቬሎው ቅቤ ቅቤ ሊሸት! ሜካፕ ሠሪዋ ግን አልሳቀችም። "እማማ ልክ ናቸው። ቅቤው ቢቀር ቫዝሊን ተቀብታ ትተኛ" አለች። እናቴ በዚያው ልቧ ሞልቶ የራሷን ሰርግ ታወራልን ጀመር፦ እንሶስላው ተወቅጦ፣ እጅና እግሯ ላይ ታስሮ፣ እንዲሁ ታስሮ አድሮ። ዓይኗ ላይ ኩል። ሌላ ምንም የለም። እንሶስላ ራሱ የደጋ ተክል ነው፤ ቀለሙ ቆዳ ውስጥ ይገባል እንጂ ላዩ ላይ አይቀመጥም፣ ስለዚህ ነፋስም ብርድም አያራግፈውም። ይህን ስሰማ ለሜካፕ ሠሪዋ ያወጣነው ገንዘብ ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙሽራዋን ቀሰቀስናት። ፎቶው ፀሐይ ስትወጣ ይሁን ተብሎ ነው፤ ድሮን አስነሺው አጥብቆ የያዘው ሐሳብ ነበር። መብራት የለም። ሁለት ሚዜዎች ስልካቸውን ከግራና ከቀኝ አብርተው ቆሙ፤ እጃቸው በብርድ ሲንቀጠቀጥ የሙሽራዋ ጥላ ግድግዳው ላይ ይጨፍራል። ፋውንዴሽኑ ረግቶ ከጠርሙሱ አልወርድ አለ። ሜካፕ ሠሪዋ ጠርሙሱን እጇ ላይ መታ መታ አድርጋ፣ የወጣውን በእጇ ጀርባ ላይ በጣቷ እያሸች አሞቀችው፤ እንደ ሕፃን ቅባት። በስልክ ብርሃን ቀለሙ አመድማ ስለሚመስል ልታምነው አልቻለችም። "ሳይነጋ አልጨርሰውም፤ መስኮቱ ጋ ወስጄ ሳላየው አልለቃትም" አለች።

ከሁሉ ያስቸገረው ሽፋሽፍቱ ነበር። አርቴፊሻል ሽፋሽፍት የሚያያዘው በሙጫ ነው፤ ሙጫው ደግሞ በብርድ አልያዝ አለ። አንዱ ጥግ ሲጣበቅ ሌላው ይነሣል። ሦስት ጊዜ ሞከረችው። ከዚያ ተወችውና ቱቦዋን ከሹራቧ ሥር አስገብታ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠቻት፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች። የበረዳት መስሎኝ ባና ላለብሳት ተነሣሁ።

"ተይው እትዬ፣ ሙጫውን እያሞቅሁ ነው" አለችኝ። "ደብረ ብርሃን የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ፤ እሷ ናት ያሳየችኝ። እነሱ ጋ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው።"

ያን ጊዜ አፈርኩ። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ ወርደን ሻይ ጠጥተናል። ከኮሚቴው አንድም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ "እዚህ ሙሽራ የሚሠራ ማን አለ?" ብሎ አልጠየቀም። ባለሙያ ማለት ለእኛ ቦሌ ያለች፣ ቲክቶክ ላይ ተከታዮቿ የበዙላት ናት። ብርዱን የሚያውቁትን ሴቶች በኮስተር አልፈናቸው ሄድን፤ የያዝናት ልጅ ደግሞ ትምህርቷን ከነሱ የቀዳች ሆነች።

ሙጫው ያዘ። ነጋ። ጉም ከቆላው ተነሥቶ ኮረብታውን ሸፈነው። ድሮኑ ወጥቶ ነጭ ነገር ብቻ አንሥቶ ተመለሰ። ሙሽራዋ ቬሎዋ ላይ ባና ደርባ፣ የአፍንጫዋ ጫፍ ቀልቶ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ጠበቀች። ብርድ አፍንጫ ያፈሳል፤ አፍንጫ በተጠረገ ቁጥር ከጫፉ ላይ ፋውንዴሽኑ ይነሣል። ሜካፕ ሠሪዋ ከኋላዋ እየተከተለች በስፖንጅ ትመልሰዋለች። ረፋዱ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ያ ሁሉ አገር ታየ፤ እስካሁን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶም ያኔ የተነሣው ነው። በደንብ ተኝታ፣ አንድ ሰዓት ላይ ብትነሣ ትደርስበት ነበር።

የተራራ ፀሐይ ደግሞ ሌላ ነው። በየ1,000 ሜትር ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብርዱ ግን ማቃጠሉን ይደብቀዋል። ሜካፕ ሠሪዋ ይህን አስባ ለሙሽራዋ የመረጠችላት የፀሐይ ክሬም ፎቶ ላይ የማይታይ ዓይነት ነበር። እኔ አክስትየዋ ግን የራሴን ወፍራም ክሬም ተለቅልቄ መጣሁ። ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ክሬም ፍላሽ ሲመታው ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል፤ በጠይም ፊት ላይ ደግሞ ይብሳል። የማታውን አልበም ብታዩ፣ ከሙሽራዋ በስተግራ ከወፍጮ ቤት የወጣች የምትመስል ሴት አለች። እኔ ነኝ።

ጉልበት የሚሳምበት ሰዓት ደረሰ። እህቴ ልጇን ስትመርቅ ማን ዓይኑ ይችላል! ሜካፕ ሠሪዋ ሶፍት ይዛ ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ፣ "ወደ ላይ እያየሽ አልቅሺ የኔ ማር፣ ወደ ላይ" አለቻት። ልጅቱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ወደ እግዚአብሔር እያየች መሰላቸው፤ በጣም ነው ደስ ያላቸው።

እና ዘንድሮ ልጅ የምትድሩ፣ ተራራም የመረጣችሁ፦ ሜካፑን ከጀሪካን በታች አትጻፉት። ቦታው ሲቆረጥ ከድሮኑ በፊት ለሜካፕ ሠሪዋ ደውሉ፤ ፎቶውን ስንት ሰዓት ማድረግ እንደሚሻል እሷን ጠይቁ። ትራያሉን የምትድሩበት ቦታ ላይ፣ ባይሆን ቅርብ ባለ ደጋ ላይ በጠዋት አድርጉት። በአቅራቢያው ከተማ ያሉትን ባለሙያዎችም አትናቁ።

የማድረው የት ነው ብላ ጠይቃን የነበረችው ልጅ፣ ቅዳሜ ሌሊት ያደረችው ሚዜዎቹ ክፍል መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። እሁድ ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምራ እስኪመሽ ስትቆም፣ ቦርሳዋ ውስጥ በነበረ ብስኩት እንደዋለች ያወቅነው ሰኞ፣ ኮስተሩ ውስጥ ነው። በአራት መቶ ሰው ድግስ ላይ ሰሐን ያቀረበላት ሰው አልነበረም። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ወርደን ጥብስ አዘዝንላት።