ቴሌቪዥኑና ነደባው፦ በሐረር የመገናኛ ብዙኃን ተጽዕኖ የሚያልፍበት መንገድ

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ስለ መገናኛ ብዙኃን ተጽዕኖ የሚሰነዘሩት አስተያየቶች በአመዛኙ በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ቴሌቪዥን ትውልድን ያበላሻል ይላል፤ ሌላው ኅብረተሰብን ያነቃል፣ ጎጂ ልማድን ያስቀራል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን ማሳየት ሲጀምር የተነሣው ክርክርም ከዚሁ አልወጣም። ተቃራኒ የሚመስሉት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ መልእክቱ ከመስኮቱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ አንድ ብቸኛ ተመልካች ልብ ይገባል ብለው ያምናሉ። የሐረር ኑሮ ይህን እምነት ለመጠራጠር በቂ ምክንያት ይሰጣል።

በጁገል ግንብ ውስጥ የሚገኝ ነባር የሐረሪ ቤት እምብርቱ ጊዲር ጋር የሚባለው ሰፊ ክፍል ነው። በውስጡ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች፣ በሐረሪዎች አጠራር ነደባዎች፣ ይገኛሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የሚወሰን ነው። አሚር ነደባ የአባወራው ሥፍራ ሲሆን፣ በዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ቴሌቪዥን ወደዚህ ክፍል ሲገባ ባዶ ሥፍራ አልጠበቀውም፤ ታላቅ የሚናገርበት፣ ታናሽ የሚያዳምጥበት ሥርዓት ቀድሞት ተቀምጦ ነበር። ከቤት ውጭ ደግሞ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻቸው የሚሰባሰቡበት፣ በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱበት አፎቻ አለ። ፒተር ኬንና ሲድኒ ዋልድሮን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት አፎቻን በማኅበረሰቡና በአስተዳደሩ መካከል ያለ ማገናኛ አድርገው ማቅረባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በቴሌቪዥን የታየው ነገር ተቀባይነት የሚያገኘው ወይም የሚወድቀው በእነዚህ ሸንጎዎች ነው።

ሐሳቡ በራሱ አዲስ አይደለም። ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. የ1940ውን የአሜሪካ ምርጫ መነሻ አድርገው ባካሄዱት ጥናት፣ የሬዲዮና የጋዜጣ መልእክት በቅድሚያ ተሰሚነት ወዳላቸው ሰዎች፣ ከእነርሱም ወደ ሌላው እንደሚደርስ አመልክተዋል።

በኢትዮጵያ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው ምሳሌ «የቀን ቅኝት» ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች በአማርኛ ተላልፏል፤ በአፋን ኦሮሞም ሌላ ድራማ ጎን ለጎን ቀርቧል። የድርጅቱ የራሱ ግምገማ እንደሚለው አድማጭ የሆኑ ወንዶች ከማያደምጡት በአራት እጥፍ፣ ሴቶችም በሦስት እጥፍ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገዋል። ቁጥሩ ያስደስታል፤ ነገር ግን ለምርመራ የተዘጋጀ ሰው ቀድሞውኑ እንዲህ ያለውን ድራማ የመከታተል ዝንባሌ ሊኖረው ይችላል። ከባለትዳር ሴቶች መካከል የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚዎች በ1992 ዓ.ም. ከነበሩበት 8 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 36 በመቶ ማደጋቸውም ለድራማው ብቻ አይሰጥም፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኛ አሰማርቷልና።

ጠንከር ያለው ማስረጃ የመጣው ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ነው። ኤሊዛቤት ሌቪ ፓሉክ በሩዋንዳ አንዳንድ ቡድኖች የዕርቅ ድራማ፣ ሌሎቹ ደግሞ የጤና ድራማ ለአንድ ዓመት በጋራ እንዲያደምጡ አድርጋ አነጻጽራለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት አስገራሚ ነበር፤ የአድማጮቹ የግል እምነት እምብዛም አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላው ሰው ምን ያደርጋል፣ ምንስ ይቀበላል የሚለው ግምታቸውና ጠባያቸው ነው። ይህች ተመራማሪ በምሥራቅ ኮንጎ ባካሄደችው ሌላ ጥናት ደግሞ ከድራማው ቀጥሎ ሰዎች እንዲወያዩ የሚገፋፋ ፕሮግራም ሲጨመር ውይይቱ በዛ፤ መቻቻሉ ግን ቀነሰ። እንግዲህ «ሕዝቡ ይወያይ» ብሎ መተው መፍትሔ አይሆንም። ውይይቱን የሚመራው ማን ነው? ዝም የሚለውስ ማን ነው?

ጥያቄው በሐረር የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 የሴት ልጅ ግርዛትን ይቀጣል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ መሆናቸውን ያሳያል፤ የሐረሪ ክልል አኃዝም ከዚህ አማካይ በላይ ነው። ብዙ እናቶች ጉዳቱን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ያልተገረዘች ልጅ ባል ታጣለች፣ ጎረቤት ያማታል የሚለው ፍርሃት ከዕውቀቱ ስለሚበልጥባቸው ነው። እያንዳንዷ የሌላዋን አፍ ትፈራለች፤ ሌላዋም እንደዚሁ። በአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ «ግርዛት ጎጂ ነው» ማለት የሚታወቀውን መድገም ነው።

ስለዚህ የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ገንዘቡንና ጊዜውን ከማስታወቂያ ይልቅ ለተከታታይ ድራማ ቢያውለው ይሻላል። ቋንቋውም ከአማርኛ ባሻገር ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ሊሆን ይገባል፤ የቤት ምሥጢር የሚወራው በቤት ቋንቋ ነውና። ድራማውም በሴቶች አፎቻ ስብሰባ ላይ ተደምጦ፣ ልጇን ያላስገረዘች አንዲት የተከበረች አባል ወጉን ብትከፍት የኮንጎው ዓይነት መዘዝ የመከሰቱ ዕድል ይቀንሳል። ይህም ቢሆን ከስጋት ነፃ አይደለም፤ አፎቻ አዲሱን እንደሚያጸድቅ ሁሉ አሮጌውንም ሊያጸና ይችላል። በሌላ በኩል ወጣቱ ስልኩን ይዞ ለብቻው በሚመለከትበት በዚህ ዘመን የነደባው ጉባኤ እየሳሳ ነው። ስልኩ ላይ ያየውን የሚመዝንለት ታላቅ ከአጠገቡ የለም፤ የሚገሥጸውም የለም። ይህ ነፃነት ለአንዳንዷ ልጃገረድ እፎይታ መሆኑን መካድ አይቻልም።

የድራማው ውጤት የሚለካበት መጠይቅም ከሥርጭቱ በፊት መዘጋጀት አለበት። በተለመዱት መጠይቆች እናት «ግርዛትን ትደግፊያለሽ ወይ?» ተብላ ትጠየቃለች፤ መልሱ የሚጠበቀውን የምታውቅ ሴት የሚጠበቀውን ትመልሳለች። በአፎቻሽ ካሉት አሥር እናቶች ስንቶቹ ልጃቸውን ያስገርዛሉ ብለሽ ታስቢያለሽ የሚለው ጥያቄ ድራማው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ካበቃ በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ቢቀርብ፣ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት የሥርጭቱን ድርሻ ቀረብ ብሎ ያሳያል።