ማኅተም የሌለው ዓሣ

በፍልሰታ ጾም፣ የነሐሴ ዝናብ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወርጄ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሳልፍ፣ ከአንድ ሱቅ ገብቼ ሁለት ዓይነት ዓሣ ጎን ለጎን አየሁ። አንደኛው በቆርቆሮ ታሽጎ ከባሕር ማዶ የመጣ ቱና ሲሆን፣ በጎኑ ሰማያዊ ምልክት ታትሞበታል፤ ሁለተኛው በበረዶ ላይ የተዘረጋ የአገራችን ዓሣ ነው። «ወንድሜ፣ ይህስ ከየት መጣ?» ብለው፣ ባለሱቁ በትሕትና «የጣና ነው ጌታዬ፣ ትኩስ ነው» አለኝ። ከዚህ ያለፈ የሚያውቀው አልነበረም፤ እኔም ሌላ ልጠይቀው ይገባኝ እንደ ነበር የተረዳሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሰማያዊው ምልክት ጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ማሪን ስቱዋርድሺፕ ካውንስል የተባለው ድርጅት ምልክቱን የሚፈቅደው፣ የዓሣው ዘር ሳይመናመን መጠመዱን፣ ሌላው የባሕር ፍጥረት በከንቱ አለመጥፋቱን፣ አጥማጆቹም በጸና ሥርዓት መተዳደራቸውን ገለልተኛ መርማሪ ሲያረጋግጥ ነው። ቱናን በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ የሚያወጡት የማልዲቭስ ሰዎች ይህን ምስክርነት እ.ኤ.አ. በ2012 አግኝተዋል። ምስክርነቱ ለ5 ዓመት የሚሰጥ ሆኖ በየዓመቱ ይመረመራል። ለአንዳንድ ታላላቅ መርከቦች በመሰጠቱ ነቀፌታ ያልተለየው ቢሆንም፣ አጥማጁን «ስንት አወጣህ? ከየት? በምን?» ብሎ ማስጠየቁ ብቻውን ታላቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ጣና እንመለስ። ነጭ ዓሣ በሚል አንድ ስም የምንጠራቸው የጣና ዓሦች ብዙ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ወደ 15 የሚሆኑት በዓለም ላይ ከዚያ ሐይቅ በቀር አይገኙም። ከእነርሱም ብዙዎቹ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ ወንዞች ሽቅብ እየተጓዙ ዕንቁላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ። በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ጭምር ነው። በ1978 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ የሆነውን አጥኚዎች መዝግበውታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ለአቅመ መራባት የደረሰው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ።

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት እተወዋለሁ። ነገር ግን ፍልሰታ የሚውለው ዓሣው ለመራባት ወንዝ በሚወጣበት በነሐሴ መሆኑን፣ በዚያም ወቅት በአዲስ አበባ የዓሣ ፈላጊው ቍጥር እንደሚበዛ፣ ማንም ሊክደው አይችልም። ነፍሳችንን ለማንጻት በምንጾምበት ሰሞን የፍጥረትን ዘር የምናጠፋ ከሆነ፣ የጾማችን ትርጓሜ ምን ሊሆን ነው?

ሕግ የለንም ለማለት አንችልም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕጉን ለመፈጸምም ምክንያት የለንም፤ ቱና የብዙ መንግሥታትን ውኃ አቋርጦ የሚሄድ ዓሣ ስለ ሆነ፣ አንዱ ቢጠብቀው ሌላው ያጠፋዋል፤ ስለዚህ የውጭ ምስክር ያሻዋል። ጣና ግን ከነገባሮቹ በአገራችን ውስጥ ያለ ነውና የምናሳብብበት ጎረቤት የለንም። ሐይቅም ቢሆን ለዚያ ሰማያዊ ማኅተም እንደሚበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ምስክርነቱን ያገኘው የስዊድኑ የልማረን ሐይቅ የዓሣ ሥራ ያስረዳል።

ወንጌላዊው ዮሐንስ ሐዋርያት በጥብርያዶስ ባሕር ያወጡትን ዓሣ ሲጽፍ፣ ቍጥሩ 153 እንደ ነበርና መረቡም እንዳልተቀደደ ሳይናገር አላለፈም። እኛም ቈጥረን የምናወጣና መረባችንን በልክ የምናደርግ ሕዝብ መሆን ይገባናል። የውጭው ማኅተም እስኪመጣ ድረስ የገዢው ጥያቄ ማኅተም ይሁን። አንተ አንባቢ ሆይ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የጣና ነጭ ዓሣ ሲቀርብልህ፣ ከየት ውኃ፣ በየትኛው ወር፣ በምን መረብ እንደ ተያዘ ጠይቅ፤ መልስ ካጣህም ሳትገዛ እለፍ።