ጋሼን ጄን ኤክስ ያደረገ ሥልጠና

ሆቴል ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና ላይ ቅያሜ አለኝ። የሰሞኑ ግን ባሰ። ርዕሱ «የተለያየ ትውልድ ሠራተኞችን መምራት» ነው። አሠልጣኙ ሁላችንንም አራት ቦታ ከፋፈለን፤ ቤቢ ቡመር፣ ጄን ኤክስ፣ ሚሌኒያል፣ ጄን ዚ።

ቤቢ ቡመር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1946 እስከ 1964 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ውስጥ ወሊድ በበዛበት ዘመን የተወለደው ነው። እኛን ምን አገባን? በእኛ አቆጣጠር በ1958 ተወልዶ ዘንድሮ 60 ሞልቶት ጡረታ የሚወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ በዚህ ክፍፍል ጄን ኤክስ መሆኑ ነው። ደርግ ሲመጣ ፊደል ይቆጥር ነበር። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲታወጅ 18 ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ከዚያ ኢሕአዴግ ገብቶ ግምገማ ላይ አስቀመጠው። የትኛው አሜሪካዊ ነው የእሱ እኩያ?

«ነባር ሠራተኞች ቴክኖሎጂ ይፈራሉ» ተባልን። የእኛ ቢሮ ጋሼ በቴሌግራም የሠርግ ቪዲዮ ሲልኩ የሚቀድማቸው የለም! ፊርማና ማኅተም የሌለው ሰነድ አልቀበልም የሚሉት፣ አለቆቹ ተቀያይረው ካለቁ በኋላ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ስላዩ ነው። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ አንቱ እያለ ያከብራቸዋል፤ ሐሳባቸውን ግን አይጠይቅም። እንዲህ ያለ አክብሮት ይቅርብኝ።

«ወጣቶቹ ትዕግሥት የላቸውም» የሚለውንስ ተዉት። ደመወዟን የቤት ኪራይ ጨርሶባት በዓመቷ ለለቀቀች ልጅ ስለ ትዕግሥት ማን ይሰብካል?

በሥልጠናው ማንም ያላነሣው አንድ ነገር አለ፤ የዓመት ፈቃድ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አንድ ድርጅት ውስጥ የሸበተ ረጅም ዕረፍት አለው፤ ሥራ የቀየረ እንደገና ከ16 ይጀምራል። ዘንድሮ ግን ቤቱም ኑሮውም ቀያሪ አድርጎናል። ልጆቹ ካኮረፉ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከተወለዱበት ዓመት ጋር ምንም አያገናኘውም።

አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን ነው፤ ድርጅት ከዚያ በላይ ቢሰጥ የሚከለክለው የለም። አለቆች፣ ለቀጣዩ ሥልጠና የያዛችሁትን የሆቴል በጀት ለዚህ አውሉት።