አኮፋዳውና የመቀበያ ደብዳቤው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አድገው በግእዝ፣ በታሪክ፣ በሥነ ጽሑፍ ወይም በፍልስፍና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተቀብለውኛል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ይላሉ። እኛም አብዛኛውን ጊዜ «ጸልዩበት፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩበት» ብለን እንሸኛቸዋለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ጌታችን ስለ ደቀ መዝሙርነት ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ግንብ ከመጀመሩ በፊት ተቀምጦ ወጪውን የሚያሰላውን ሰው ነው (ሉቃ. 14፥28)። ስለዚህ ዛሬ ከጸሎቱ ቀጥሎ ስላለው ስሌት እንነጋገራለን።

ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለም። ለጉንደ ወይን ሰው መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅና ድማ ጊዮርጊስ የጎረቤት አገር ናቸው። የአብነት ተማሪ ግን በአቅራቢያው ባለው ጉባኤ ብቻ ተወስኖ አይቀርም ነበር። የዋሸራን ቅኔ የቀመሰው የጎንጅን ሊያይ ይሻገራል፤ ድጓ የፈለገው ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገው ዙር አባ ይዘልቃል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ወደ አዲስ አበባው ዘመናዊ ትምህርት ከመግባታቸው በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በድማ ተምረዋል። ተማሪው ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ከመነሣቱ በፊት ከዚያ የመጣ ጓደኛ ሲያገኝ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ መምህሩ ማን ናቸው? አገሩስ ተማሪ ያበላል? የደብሩ ስም ትልቅነት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነበር።

«አገሩስ ተማሪ ያበላል?» የምትለዋን ልብ በሏት። የዛሬ ዩኒቨርሲቲ በብዙ ገጽ የሚያብራራውን ነገር በሦስት ቃል ትጠይቃለች። የኔታ ለትምህርቱ ክፍያ አይቀበሉም። ተማሪው ጎጆውን በራሱ ጉልበት ይቀልሳል። አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ገበሬው ከልጆቹ ጉሮሮ ከፍሎ ይሰጠዋል። ትምህርቱ ነጻ፣ ቀለቡ በመንደሩ የተያዘ ነው ማለት ነው። ሲጨርስ የሚጠበቅበት ዕዳ ጉባኤ ተክሎ ማስተማር ነው። ያን ኑሮ ማሳመር አያስፈልግም፤ ውሻው፣ ብርዱ፣ ረኃቡና ተስቦው ብዙ ጎበዝ ተማሪ ከመንገድ አስቀርቷል። ይሁን እንጂ ለየኔታ የሚከፈል ገንዘብ ፍለጋ የአባቱን በሬ ያሸጠ ተማሪ አልነበረም።

ዛሬ ግን በሬው ገበያ ይወጣል፤ ጉዳዩን ያነሣነውም ለዚህ ነው። እንበልና ከጉንደ ወይን የወጣች፣ በግእዝ የተመረቀች አንዲት እኅታችን ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰዋታል። አንዱ ከአሜሪካ ለሁለተኛ ዲግሪ የመጣ ሲሆን «የግማሽ ስኮላርሺፕ» ይላል። ሁለተኛው ከጀርመን ነው፤ ትምህርቱ ያለ ክፍያ ቢሆንም የመተዳደሪያ ገንዘብ የለውም። ሦስተኛው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ለፊሎሎጂ ትምህርት ነው። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ቢመክር ድምፁን ለየትኛው እንደሚሰጥ መገመት አያስቸግርም። «አሜሪካ» የሚለው ቃል ብቻውን የምክሩን ግማሽ ይጨርሳል።

የአሜሪካውን ደብዳቤ እንፍታው። የዓመቱ ክፍያ 40,000 ዶላር ቢሆን ግማሹ ተቀንሶ 20,000 ዶላር ይቀራል፤ ቤት ኪራይ፣ ምግብና የጤና መድን ገና አልተነኩም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። ስለዚህ ይህ «ስኮላርሺፕ» በጎንቻ ሲሶ እነሴ ገበሬ ዓይን ሲታይ የቅናሽ ዋጋ ማስታወቂያ ነው። በሒሳብ አያያዝ ወይም በኮምፒዩተር ትምህርት የሚመረቅ ሰው እንዲህ ያለውን ብድር በደመወዙ ለመክፈል ተስፋ ያደርግ ይሆናል። የጥንት ብራና የሚያነብ ሰው ግን ያ ተስፋ የለውም፤ ሞያው ክቡር ነው፣ ገበያው ጠባብ ነው። በእኔ ፍርድ ለዚህ ዘርፍ ተማሪ መተዳደሪያ የሌለው ጥሪ ጥሪ አይባልም። በትሕትና አመስግኖ መተው ይገባል።

የጀርመኑ ረቀቅ ይላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ እንደ ባደን ቩርተምበርግ ያለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። «ነጻ ነው» ብሎ የተነሣ ተማሪ ቪዛ ሲጠይቅ ሌላ በር ይጠብቀዋል፤ የአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስቀምጦ ማሳየት አለበት። ይህ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ ነው። ነገሩ የሚለወጠው ሌላ አካል ቀለቡን ሲይዝለት ነው። የጀርመኑ ዳአድ ከወርኃዊ መተዳደሪያ ጋር ለመድንና ለጉዞ ያግዛል። የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ የጉዞና የቪዛ ወጪ ግን ከዚያው የሚወጣ ነው።

በአሜሪካ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚቀበሉ ጠንካራ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ ክፍያውን ትተው ለአምስት ዓመት ያህል መተዳደሪያ ይሰጣሉ። ይህ በር ሰፊ የነበረበት ጊዜ ግን እያለፈ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር በበርካታ የሂዩማኒቲስ ክፍሎቹ ለቀጣዩ ዓመት አዲስ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ እንደማይቀበል አስታውቋል። ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ገንዘቡ ስንት መሆኑን ብቻ አትመልከቱ፤ ለስንት ዓመት እንደተረጋገጠ፣ ለዘጠኝ ወር ወይም ለዐሥራ ሁለት ወር መሆኑን፣ በምትኩ ስንት ሰዓት ማስተማር እንዳለባችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ባለትዳር ከሆናችሁ ደግሞ በአሜሪካ የተማሪ የትዳር አጋር ተቀጥሮ መሥራት እንደማይፈቀድለት ዕወቁ፤ ሁለት ሰው በአንድ ሰው ቀለብ ሊኖር ነው። «ነገ ካልፈረማችሁ ያመልጣችኋል» በሚል ድለላም አትቸኩሉ። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ ላቀረቡለት ተማሪ እስከ ሚያዝያ 7 ቀን ድረስ የማሰቢያ ጊዜ ለመስጠት ተስማምተዋል። ይህ ቀን ብዙውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ወይም በትንሣኤ ሰሞን ላይ ማረፉ ለእኛ የተመቸ ነው።

ወደ መጀመሪያው የተማሪ ጥያቄ እንመለስ፤ መምህሩ ማን ናቸው? በአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በሮም ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ ከተማ ተጠርተው ሄደው ስለ አገራችን ቋንቋና ታሪክ አስተማሩት። ሉዶልፍ የአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ተባለ። አባ ጎርጎርዮስ ግን እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ በደረሰ አደጋ ዐረፉ። ዛሬ በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል የሚጠራው በደቀ መዝሙሩ ስም ነው፤ የመምህሩን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቢሆንም ማእከሉ የታወቀውን የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፒዲያ በአምስት ቅጾች አዘጋጅቷል፤ ብራና ማንበብን በሥርዓት የሚያስተምሩ መምህራንም አሉት። ከስመ ጥሩ ዩኒቨርሲቲና ከእንዲህ ያለው ጉባኤ ምረጡ ብትባሉ ጉባኤውን ምረጡ። ግእዝ የሚያውቅ አንድም መምህር በሌለበት ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የግእዝ ተማሪ ብቻውን ነው።

የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ሕይወት ለዚህ ይጠቅሰናል። የሸንኮራው ተወላጅ በካይሮ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1962 በጀርመን ቱቢንገን ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ፤ ከዚያም ተመልሰው በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1968 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ለረዥም ዘመን ሠርተዋል። ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት በማይክሮፊልም የተነሡትን መጻሕፍት እየመረመሩ ዝርዝራቸውን አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተርን ሽልማት ተቀበሉ። መጀመሪያ ሲወጡ ተመልሰው ለማስተማር ነበር፤ ሁለተኛው ስደት ግን በፈቃዳቸው አልነበረም። በስደት ያፈሩት ሥራ ግን ዛሬ ለእኛ ይተርፋል። የዚያ ቤተ መጻሕፍት ብዙ መጻሕፍት አሁን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባሉ።

እንግዲህ ሦስተኛውን ደብዳቤ ለማየት የሚያበቃን ይህ ነው። አዲስ አበባ መቅረት የተሸናፊ ምርጫ ተደርጎ የሚታየው ለምን ይሆን? የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው እዚያ ነው። መጻሕፍቱ ራሳቸው ያሉት በእናንተው ደብርና ገዳም ዕቃ ቤት ነው። ለውጭ ተመራማሪ በብዙ ገንዘብና በብዙ ደጅ ጥናት የማይከፈተው ዕቃ ቤት በዲቁና ላደገ የአጥቢያ ልጅ ሊከፈት ይችላል፤ ቃለ ዐዋዲና የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሳይጣስ፣ በአባቶች ፈቃድ ማለቴ ነው። አንድምታውን ከየኔታ አፍ መስማት የሚቻለውም እዚህ ነው። እርግጥ ነው፣ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ድክመት ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭትና የኢንተርኔት መቋረጥ ደግሞ የጎጃምን ተማሪ ከማንም በላይ ጎድቶታል፤ ለቪዛ ቀጠሮ ዓባይን መሻገር ራሱ አንድ ፈተና የሆነበት ጊዜ አለ። ይህን የማያውቅ ሰው «ለምን በጊዜ አላመለከታችሁም?» ሊል ይችላል፤ እናንተ አትመኑት።

የምትሄዱ ከሆነ ከከተማው ስም ጋር የቤተ ክርስቲያኑን ርቀት አብራችሁ ጠይቁ። በሳምንቱ መጨረሻ በባቡር የሚደረስበት አጥቢያ ያለውና በአውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስበት ከተማ እኩል አይደሉም። በሰው አገር የመጀመሪያው ክረምት ይከብዳል፤ ከዚህ የተለማመደ ጸሎት ያለው ይበረታል።

የቀረው ነገር ምእመናንን የሚመለከት ነው። መንደሩ ተማሪ ያበላ ነበር ካልን ዛሬስ ማን ያብላ? በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግእዝ ትምህርት የተጀመረው በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስለተባበሩና ድምፃዊው አቤል ተስፋዬ እ.ኤ.አ. በ2016 50,000 ዶላር ስለሰጠ ነው፤ ከዚያም ብዙዎች አዋጥተው እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርቱ ቋሚ ፈንድ አገኘ። ከእኛ አጥቢያ ይህን ያህል አይጠበቅም። ነገር ግን ሙሉ ቀለብ ያገኘ ተማሪ እንኳ የመጀመሪያው ወርኃዊ ገንዘብ ከመድረሱ በፊት ለሰነድ ማረጋገጫ፣ ለትራንስፖርት፣ ለአዲስ አበባ ማደሪያ፣ ለቪዛ ይከፍላል፤ የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ የተማሪ ምዝገባው 350 ዶላር ነው፤ የቪዛው ማመልከቻ ክፍያ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ብዙ ሙሉ ጥሪ የሚወድቀው በዚህች ቁራሽ እጦት ነው። ለማኅሌትና ለንግሥ በዓል የምናዋጣ ሰዎች በወር ጥቂት ብር ለዚህ መመደብ አያቅተንም፤ የሰበካ ጉባኤውና የሰንበት ትምህርት ቤቱ የትምህርት ክፍል ተነጋግረው ሒሳቡን በግልጽ መያዝ ይችላሉ። የተረዳው ተማሪም ክረምት ሲመጣ ለታናናሾቹ ግእዝ ወይም እንግሊዝኛ ያስተምር፤ የውጭ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍም ያሳያቸው።

በዚህ ዓመት ደብዳቤ የደረሳችሁ ካላችሁ ከመፈረማችሁና ቤተሰብ ከብት ከመሸጡ በፊት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዛችሁት ኑ። ከዚህ በፊት ሄደው የተማሩ ወንድሞችና እኅቶች ስላሉን መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።