ለተሸናፊውም ይጨብጨብ

በኬንያ የትምህርት ዓመቱ የመጀመሪያ ተርም ሲገባ ናይሮቢ ውስጥ የራግቢ ወሬ ይበዛል። ሌናና፣ ናይሮቢ ስኩል፣ አፐር ሂልና ሌሎችም ትምህርት ቤቶች ፕሬስኮት ለሚባለው ዋንጫ ይፋለማሉ። እኛ ካምፕ ውስጥ ራግቢ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው በእግር ኳስ ስለሆነ፣ እንቁላል የመሰለ ኳስ ታቅፎ የሚሮጥ ጎረምሳ ስናይ «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ጠብ?» እንላለን። ዛሬ ግን ስለዚህ ጨዋታ የምንጽፈው ለእኛም የሚሆን ትምህርት ስላገኘንበት ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ እናስረዳ። በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋች ይሰለፋል። ኳሱን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚቀባበሉት። ኳሱን ይዞ ከተጋጣሚው የግብ መስመር አልፎ መሬት ያስነካ 5 ነጥብ ያገኛል። ቀጥሎ ኳሱን መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ከአግዳሚው በላይ ካሳለፈ 2 ይጨመርለታል። ኳስ የያዘውን ሰው ወገቡን ይዞ መጣል ይቻላል፤ አንገቱን መያዝ ግን ያስቀጣል።

ታዲያ እንዲህ ሲጋጩ የዋሉ ወጣቶች የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ምን ያደርጋሉ? በራግቢ ልማድ አሸናፊዎቹ በሁለት ረድፍ ይቆሙና ተሸናፊዎቹ በመሃል ሲያልፉ ያጨበጭቡላቸዋል። ተሸናፊዎቹም በተራቸው ለአሸናፊዎቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። ዳኛውንም ቢሆን የሚያናግረው ካፒቴኑ ብቻ ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢነካው ቂሙ ሜዳው ላይ ይቀር ነበር።

ወደ ካምፓችን ሜዳ ስንመጣ ግን ሌላ ነገር እናያለን። ቡድን ብዙ ጊዜ የሚቋቋመው በአገር ወይም በብሔረሰብ ነው። ስለዚህ 11 ልጆች ሲሸነፉ ሰፈሩ ሁሉ የተሸነፈ ይመስለዋል። ዳኛ ይሰደባል፣ ድንጋይ ይወረወራል፣ በማግስቱ ውሃ ቧንቧ ላይ የሚገናኙ እናቶች ሳይቀሩ ይኮራረፋሉ። መጨረሻው ውድድሩ መታገድ ነው። ያኔ አሸናፊም ተሸናፊም የለም፤ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉበት ቦታ ያጣሉ።

ሽንፈት ስደተኛን ለምን እንደሚያንገበግበው ይገባናል። አገሩንና ቤቱን ያጣ ሰው ጨዋታ እንኳ ሲነጠቅ ይበዛበታል። ግን የጨዋታ ሽንፈት ካየነው ሽንፈት ሁሉ ይለያል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጨዋታ አለ።

የኬንያን የሰባት ተጫዋቾች ራግቢ ቡድን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ 7 አሸንፎ በዓለም ተከታታይ ውድድር የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። በ2023 ከዚያው ውድድር ወረደ። በ2024 ደግሞ ማድሪድ ላይ ታግሎ ተመለሰ። በዚያው በ2016 ከካኩማ የሄዱ አምስት የደቡብ ሱዳን ሯጮች፣ ናይሮቢ አጠገብ ንጎንግ ላይ በቴግላ ሎሩፔ ሥር ሰልጥነው፣ በሪዮ ኦሎምፒክ ለስደተኞች ቡድን ሮጠዋል። አንዳቸውም የመጀመሪያውን ማጣሪያ አላለፉም። እኛ ግን ዛሬም በስማቸው እንኮራለን።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች፣ ለስፖርት ኮሚቴዎችና ለየማህበረሰቡ መሪዎች ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከጨዋታ በኋላ ተሰልፎ ማጨብጨብ የውድድሩ ደንብ ይሁን። ዋንጫው የሚሰጠው ይህ ከተፈጸመ በኋላ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በሰባት ተጫዋቾች ራግቢ ውድድር በጊዜ የተሸነፉ ቡድኖች ለሁለተኛ ደረጃ ዋንጫ እርስ በርስ መጋጠማቸው የተለመደ ነው። በእኛ ውድድር ግን አንዴ የተሸነፈ ቡድን ማሊያውን አውልቆ ዳር ሆኖ ይመለከታል፤ ጠቡም የሚጀምረው ከዚያ ዳር ነው። ለእነዚህ ልጆችም ሌላ ውድድር ይዘጋጅላቸው። የብር ዋንጫ አያስፈልግም፤ ለአሸናፊው አንድ አዲስ ኳስ ቢሸለም ይበቃል።

ወላጆችንም አንድ ነገር እንለምናለን። ልጃችሁ ተሸንፎ አኩርፎ ሲገባ «ማን አሸነፈ?» ብላችሁ አትቀበሉት። መጀመሪያ ውሃ ስጡት፤ ቀጥላችሁ «መቼ ነው ደግሞ የምትጫወቱት?» በሉት።