ከሕመም ለተነሣ ሰው ምን እንመልሳለን?

 

ቀደም ባለው ጊዜ ሰው ሲታመም ወሬው የሚደርሰው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ ነበር። ጠያቂው ብርቱካኑን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ከአልጋው አጠገብ ጥቂት ተቀምጦ «አላህ አፊያ ያድርግህ» ብሎ ይወጣል። ታማሚውም የሚያየው ፊት፣ የሚሰማው ድምፅ የሚያውቀው ሰው ነበር። ዛሬ ግን ታዋቂ የሆነ ሰው ከባድ ሕመም ሲይዘው ራሱ በካሜራ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ሲታከም ያሳያል፤ ሲሻለውም ያበሥራል። መልሱም ከማያውቃቸው ሚሊዮኖች በአንድ ሌሊት ይጎርፋል። ከእነዚህ መላሾች መካከል የእኛ ወንዶችና ሴቶች ልጆች፣ አንዳንዴም እኛው ወላጆች እንገኛለን። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምዳችን ትኩረት በታማሚው ላይ ሳይሆን በመላሹ ላይ ይሆናል።

በመጀመሪያ አንድ ምሳሌ እንመልከት። ኢዛቤላ ስትራሃን የታዋቂው የቀድሞ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋችና የቴሌቪዥን አቅራቢ የማይክል ስትራሃን ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ፣ ገና የ19 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች፣ በአንጎሏ ውስጥ የካንሰር ዕጢ ተገኘባት። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ከዚያም የጨረርና የኬሞቴራፒ ሕክምና ተከተለ። በጥር ወር 2024 ከአባቷ ጋር በቴሌቪዥን ቀርባ ሕመሟን ይፋ ካደረገች በኋላ የሕክምናዋን ጉዞ በዩቲዩብ ታሳይ ጀመር። በሐምሌ 2024 ደግሞ ከካንሰሩ ነፃ መሆኗን ተናገረች። ፀጉሯ የረገፈ፣ በድካም የዛለች ወጣት ያለችበትን ሁኔታ ሳትደብቅ ማሳየቷ፣ በተመሳሳይ ሕመም ለተያዙ ወጣቶች «ብቻችሁን አይደላችሁም» የሚል መልእክት ነበረው።

ይህን የመሰለ ነገር ሲታይ የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የሚያዝንና ዱዓእ የሚያደርግ አለ። የሚጠራጠር አለ። መድኃኒት የሚያዝዝም አለ። «ለዝና ነው፤ ለገንዘብ ነው» የሚልም አይጠፋም። እያንዳንዱን በተራ እንየው።

ጥርጣሬ፣ ስለላ፣ ሐሜት

የብዙ ሰዎች መልስ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል በዓለም ፊት የታየው በእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 2024 የዌልስ ልዕልት ካትሪን በሆዷ ላይ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላትና እስከ ፋሲካ በዓላቸው ድረስ ወደ ሥራ እንደማትመለስ ተነገረ። ቤተ መንግሥቱ ይህን ብሎ ዝም አለ። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። ሳምንታት ባለፉ ቁጥር «የት ገባች?» የሚለው ጥያቄ ወደ ቀልድ፣ ቀልዱ ወደ ወሬ፣ ወሬው ወደ ፈጠራ ተለወጠ። ትዳሯ ፈርሷል ያለ አለ፤ በሕይወት የለችም እስከማለት የደረሰም ነበር። መጋቢት 10 ቀን ከልጆቿ ጋር የተነሣችው ፎቶግራፍ ሲወጣ፣ ምስሉ መነካካቱ ስለተደረሰበት ታላላቆቹ የዜና ወኪሎች አነሡት። እርሷም በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቀች። በዚህ ወሬው ይባስ ተቀጣጠለ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በታከመችበት ክሊኒክ የሕክምና መዝገቧን ያለ ፈቃድ ለማየት ተሞክሯል የሚል ዜና ተሰማ፤ የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ቢሮም አቤቱታ እንደደረሰው አረጋገጠ።

መጋቢት 22 ቀን ልዕልቲቱ ራሷ ወጥታ ተናገረች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በተደረገው ምርመራ ካንሰር ተገኝቷል፤ ኬሞቴራፒ ጀምራለች። ዝም ያለችውም ለሦስት ትንንሽ ልጆቿ ነገሩን በሚገባቸው መንገድ ለማስረዳት ጊዜ ስላስፈለጋት ነበር። ሲቀልዱ ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ አፈሩ፤ ይቅርታ የጠየቁም ነበሩ።

አስተውሉ ውድ አንባብያን! በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ) ክፉ ጥርጣሬን፣ የሰውን ነውር መሰለልንና ሐሜትን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አከታትሎ ከልክሏል። በእንግሊዝ የሆነው ይኸው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ተጠረጠረ፤ ቀጥሎ ወደ መዝገብ ቤት እጅ ተዘረጋ፤ በመካከሉም ሐሜቱ ዓለምን አዳረሰ። የአንዲት እናት ዝምታ ምክንያት ግን እነዚያ ሁሉ ከገመቱት ውጪ ነበር። ሰው ሕመሙን የመናገር መብት እንዳለው ሁሉ ያለመናገርም መብት አለው።

ታዲያ ሁሉን እንመን ወይ?

«እንዲህ ከሆነ የሚነገረንን ሁሉ አምነን እንቀበል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አይደለም። ያው ሱራ ወሬ ሲመጣ ማጣራትን ያዝዛል። ለምን እንደሚያስፈልግም የአውስትራሊያዋ ቤል ጊብሰን ታሪክ ያስረዳናል።

ይህች ሴት የአንጎል ካንሰር ይዞኛል፤ የተለመደውን ሕክምና ትቼ በምግብና በተፈጥሮ ዘዴ ራሴን እያከምኩ ነው ብላ ብዙ ተከታዮችን አፈራች። እ.ኤ.አ. በ2013 የስልክ መተግበሪያ አወጣች፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍም አሳተመች። በ2015 ግን ጋዜጠኞች ነገሩን መመርመር ጀመሩ። በዚያው ዓመትም ካንሰር ፈጽሞ እንዳልነበረባት ራሷ አመነች። በ2017 የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል፤ በእርሷ ተማምኖ ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው ቢኖር ያ ጊዜ ግን አይመለስም።

እንግዲህ ማጣራት የሚያስፈልገው የት ላይ እንደሆነ ለይተን እንወቅ። አንድ ሰው «ታምሜ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ተሻለኝ» ቢል ከእኛ የሚወስደው ነገር የለም። ቢዋሽ እንኳ ሒሳቡ ከጌታው ጋር ነው። ነገር ግን «እኔ የዳንኩት በዚህ ነው፤ አንተም ሐኪምህን ትተህ ይህን ግዛ» ያለ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። የሌላ ሰው ሕይወትና ገንዘብ ገባበት። እዚህ ላይ ማስረጃ መጠየቅ ክፉ ጥርጣሬ ሳይሆን አማና ነው። በአጭሩ፣ የሰውን ስቃይ አንመርምር፤ የሚሸጥልንን መድኃኒት እንመርምር።

ይህ የእኛንም ቤት ይመለከታል። የታመመ ሰው ባለበት ሁሉ ጥቁር አዝሙድ፣ ማር፣ ሥርና ቅጠል የሚያዝዝ አይጠፋም። ጥቁር አዝሙድና ማር በሐዲሥ የተወሱ በረከቶች ናቸው፤ አንክድም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «ታከሙ» ብለው ያዘዙ መሆናቸውንም አንርሳ። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር የሚጨምረው ቅጠላ ቅጠል መድኃኒቱን ሊያዛባው ይችላልና፣ ምክር ካለን «ሐኪምህን ጠይቀህ» የሚለው ቃል አብሮት ይሂድ።

«ኢማኑ ስለጠነከረ ዳነ»

ሌላው መልስ በመልካም ልብ የሚሰነዘር ነው፤ ቢሆንም ያቆስላል። አንድ ሰው ሲድን «ኢማኑ ጠንካራ ስለሆነ ነው» ወይም «ታግሎ አሸነፈ» ይባላል። ሰሚዎቹ መካከል ግን ባለፈው ዓመት እናቱን በዚያው በሽታ የቀበረ ወጣት ሊኖር ይችላል። እርሱ ምን ይሰማው? የእናቴ ኢማን ደካማ ነበር? ታግላ ተሸነፈች?

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የሲድኒው ነጋዴ ዐሊ ባናት ለዚህ መልስ ይሆነናል። ይህ ባለጸጋ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር እንዳለበትና የቀረው ጊዜ ወራት ብቻ እንደሆነ ተነገረው። ሕመሙን ከአላህ የተሰጠ ስጦታ ብሎ ጠራው። ንግዱን ትቶ ሀብቱን ለችግረኞች አዋለ፤ ወደ ቶጎ ሄደ፤ የበጎ አድራጎት ድርጅትም አቋቋመ። ታሪኩን በቪዲዮ ያዩ ሰዎች ከየአገሩ እጃቸውን ዘረጉለት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 2018 በረመዳን ወር ወደ አኼራ ሄደ። ዐሊ አልዳነም። ኢማኑ ደካማ ነበር የሚል ግን ማን ነው? ነቢዩ አዩብም (ዐ.ሰ) ነቢይ ሆነው ሳለ ለረዥም ጊዜ ታመዋል። ሕመሙ የቅጣት፣ መዳኑ የደረጃ ምልክት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። መዳንም መሞትም በአላህ እጅ ነው፤ የሰው ድርሻ መታከምና ሶብር ማድረግ ነው።

«ዳነ» ማለት «አለቀ» ማለት አይደለም

ታዋቂው ሰው «ተሻለኝ» ሲል ተመልካቹ ታሪኩ ያለቀ ይመስለዋል። «አሁንማ ድነሃል፤ ለምን ትደክማለህ?» ይለዋል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን የሚያጠቃ መድኃኒት ነው። ካንሰሩ በፍጥነት ስለሚባዛ ይጎዳል፤ የፀጉር ሥርና የአንጀት ሽፋንም እንዲሁ በፍጥነት ስለሚባዙ አብረው ይጎዳሉ። ፀጉሩ የሚረግፈውና ምግብ የሚያስጠላው በዚህ ምክንያት ነው። ሕክምናው ካበቃ በኋላም ድካሙ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ይቆያል። ሐኪሞች ካንሰሩ በምርመራ አይታይም ሲሉም ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል፤ በየቀጠሮው ቀን ልብ ይመታል።

ልዕልት ካትሪን ኬሞቴራፒውን መጨረሷን በመስከረም 2024፣ ካንሰሩ የማይታይበት ደረጃ መድረሷን ደግሞ በጥር 2025 አሳወቀች። በሐምሌ 2025 ኮልቸስተር በሚገኝ ሆስፒታል ተገኝታ ስትናገር ግን፣ ከሁሉ የሚከብደው ሕክምናው ካበቃ በኋላ ያለው ጊዜ መሆኑን ገለጠች። ሰው ሁሉ እንደ ድሮህ ትሆናለህ ብሎ ይጠብቃል፤ ሰውነት ግን ገና ነው። ቤተ መንግሥት ያላት ሴት ይህን ካለች፣ በማግሥቱ ወደ ጓዳዋና ወደ ሥራዋ የምትመለሰው የእኛ እህት እንዴት ትሆን?

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን ካንሰር ስሙ እንኳ ሳይጠራ «ያ በሽታ»፣ «መጥፎው በሽታ» እየተባለ ይንሾካሾኩበታል። ዓይን ይበላናል፣ ሰው ይሸሸናል፣ ልጃችንን የሚያገባ ይጠፋል በሚል ፍርሃት ይደበቃል። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እህት ለባሏም ለእናቷም ሳትናገር ወራት ታሳልፋለች። ብዙዎቹ ሐኪም ቤት የሚደርሱትም በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ እንደነበረ ስናስብ፣ ዘግይቶ መድረስ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል እንረዳለን።

ስለዚህ አንድ ሰው ደፍሮ «ታምሜ ነበር፤ ታክሜ ተሻለኝ» ብሎ ሲናገር የምንሰጠው መልስ ተናጋሪው ዘንድ ብቻ አይቀርም። በዚያው ሳሎን ተቀምጣ የምትሰማ፣ እብጠቷን የደበቀች እህት አለች። ከተሳለቅን አፏን ትዘጋለች። አልሐምዱሊላህ ካልን ነገ ወደ ሐኪም ትሄድ ይሆናል።

እንግዲህ ለቤተሰብ መወያያ ይሆን ዘንድ ጥቂት ነጥቦችን እናስቀምጥ፦

አንደኛ፣ ፊት ለፊት አልጋው አጠገብ ቆመን የማንናገረውን በስልክ አንጻፍ።

ሁለተኛ፣ ታማሚው ያልነገረንን አንጠይቅ። በተለይ ከሕመም የተነሡ እህቶችን «መውለድ ትችያለሽ ወይ?» «ባልሽስ ምን አለ?» እያልን አናስጨንቅ።

ሦስተኛ፣ ታማሚው ሙስሊም ባይሆንም አፊያን እንመኝለት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግላቸው የነበረ አይሁዳዊ ልጅ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው ጠይቀውታል።

አራተኛ፣ ልጆቻችን በቪዲዮ ያዩትን ታማሚ በቤት ውስጥ እናነጋግርበት። «አንተ ብትሆን ምን እንዲባልህ ትፈልግ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

አምስተኛውና ዋናው፣ ታማሚን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካሉት ሐቆች አንዱ ነው። ይህ ሐቅ በሩቅ አገር ላለች ዝነኛ ልብ የሚነካ ቃል በመጻፍ ብቻ አይወጣም። በሦስተኛው ቤት አክስታችን ከኬሞቴራፒ ተመልሳ ተኝታለች። እርሷ ተከታይ የላትም፤ ቪዲዮም አልሠራች። ውሃ የሚቀዳላት፣ ልጇን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት፣ በቀጠሮዋ ቀን ታክሲ የሚይዝላት ሰው ግን ትፈልጋለች። ዛሬ ስልኩን አስቀምጠን የእርሷን በር እናንኳኳ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ አፊያን፣ ለአስታማሚዎቻቸው ሶብርን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።