መጀመሪያ «ስንት ሰከንድ?» ብላችሁ ጠይቁ

አገራችን መስከረም 2018 ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኑክሌር ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር ከፈረመች ወዲህ አንድ መከራከሪያ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «ፊውዥን እየደረሰ አቶም መሰንጠቅ ውስጥ ምን ከተተን? ኮሪያ 100 ሚሊዮን ዲግሪ ደርሳ የለም እንዴ?»

ደርሳለች። ለ48 ሰከንድ።

ይህን ከማንም በላይ የሚረዳው የምናለሽ ተራ በያጅ ይመስለኛል። መርካቶ ተጠምጥማ የተሠራች የብየዳ ማሽን እሳት ለመትፋት አትቸገርም፤ ችግሯ መቆየቱ ላይ ነው። ጥቂት ኤሌክትሮድ ከበላች በኋላ ካላረፈች ሽቦዋ ይቃጠላል። ጀማሪ ገዢ «ስንት አምፔር ትሰጣለች?» ይላል፤ ያወቀበት ግን «ሳታርፍ ስንት ደቂቃ?» ብሎ ይጠይቃል።

ደቡብ ፈረንሳይ የሚገነባው ኢተር ፕላዝማውን እንዲያሞቁለት ከታቀዱት መንገዶች አንዱ የገለልተኛ አቶሞች ጨረር ነው። ዲዩቴሪየም የሚባለው ከባድ ሃይድሮጅን ትርፍ ኤሌክትሮን ይለጠፍበትና በ1 ሚሊዮን ቮልት ይወነጨፋል። ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት ግን ማግኔቱ ስለሚያጥፈው ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ መንገድ ላይ በጋዝ ውስጥ አልፎ ትርፉን ያራግፋል። 40 በመቶ ገደማው ገለልተኛ ሳይሆን ይቀራል፤ እሱን በውሃ የሚቀዘቅዝ መዳብ መቀበል አለበት። እቅዱ ከአንድ መሣሪያ 40 ሜጋዋት ተወንጭፎ 16.5ቱ ፕላዝማው ዘንድ እንዲደርስ ነው። የቀረው በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ የመሣሪያውን የገዛ አካል ይመታል። ለጥቂት ሰከንድ ቢሆን ብረት ይችለዋል። የሚፈለገው ግን እስከ 3,600 ሰከንድ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ነው። ይህንኑ ለመፈተን ብቻ ጣሊያን ፓዶቫ ላይ ራሱን የቻለ ማዕከል ተገንብቷል።

ኢተር ዋናውን ነዳጅ የሚሞክረው በተከለሰው እቅድ መሠረት በ2039 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔም ቢሆን ለመብራት አይደለም፤ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ አልተነደፈም።

ሮሳቶምን መቃወም ይቻላል። ዝቃጩ የት ይቀመጣል? ብድሩን ማን ይከፍላል? ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የ5,150 ሜጋዋት ግድብ ኃይል አዲስ ከተማ ያለ የብየዳ ቤት ሳይቆራረጥ እንዲደርስ መስመሩ መቼ ይታደሳል? እኔ በበኩሌ ከሦስቱ የመጨረሻው እንዲቀድም እፈልጋለሁ፤ ማመንጫው የሩሲያም ሆነ የሌላ፣ ኃይሉ የሚያልፈው በዚያው አሮጌ ሽቦ ነው።